ለልጆቹ የሚቆይ ሰው ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ አንድ ጸሐፊ፣ ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ስለሆነ አብያተ ክርስቲያናት ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ አከፋፍለው፣ ጸልየውላቸው ቢሸኟቸው ይበቃል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ከጻፉት ውስጥ የምስማማበትም አለ። እርዳታ ልጆችን ወደ ጉባኤ መሳቢያ መሆን የለበትም ማለታቸው ትክክል ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሣዋለሁ። ዋናው ሐሳባቸው ግን እነዚህ ልጆች ያጡት ምን እንደሆነ በቅርብ ካለማየት የመጣ መሰለኝ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መምህርነት አልተማርኩም። ከሥራ ስወጣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የቤተሰባቸው አቅም ከደከመ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ አስጠናለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የምጽፈውም እዚያ ያየሁትን ነው።

ስለ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ላውጋችሁ። መምህሩ የሰጡት የቤት ሥራ ያልታወቀውን ቁጥር ፈልጉ የሚል ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግሞ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ቤቱም ትምህርት ቤቱም «ቀለም አይገባውም» ብለው ተስማምተውበታል፤ እሱም አምኖ ተቀብሏል። ያልታወቀውን ቁጥር ወደ ጎን ትተን ቀለል ካለ ነገር እንጀምር ብዬ ከ402 ላይ 178 እንዲቀንስ ሰጠሁት። ሳይዘገይ 376 ብሎ ጻፈ።

መልሱ 224 ነው። ነገር ግን ልጁ የገመተው አልነበረም። እንዴት እንዳሰበው ጠየቅሁት። ከ2 ላይ 8 አይቀነስምና ከ8 ላይ 2 ቀንሶ 6 አለ። ከ0 ላይ 7 አይነሣምና 7ን እንዳለ አወረደው። ከ4 ላይ 1 ቀንሶ 3 ጻፈ። በየአምዱ ከትልቁ ላይ ትንሹን መቀነስ የሚል የራሱ ሕግ ነበረው፤ ያንንም ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጥስ ይሠራበታል። መቀነስ ከተማረበት ጊዜ ጀምሮ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞት አልፏል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ደብተሩ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል እንጂ አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ እንዴት አድርገህ እንደሠራኸው አሳየኝ» ያለው ሰው አልነበረም።

ስንጥሮችን አሥር አሥር አድርገን አሠርን፤ አሥሩን እስር ደግሞ አንድ ላይ አሥረን መቶ አልነው። ከአሥር ላይ መፍታትን ቶሎ ያዘው። ዜሮው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «ጋሼ፣ ዜሮ ምን አለውና ያበድራል?» አለኝ። ስሠራበት በኖርኩት ዕድሜ ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ ስለ ዜሮ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ልጅ ቀለም የማይገባው ልጅ አይደለም። ዜሮው ራሱ አስቀድሞ ከመቶው ቤት መበደር እንዳለበት፣ አሥር ከሆነ በኋላ አንዱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ዘጠኝ እንደሚቀረው፣ ከታሠረው መቶ ላይ በገዛ እጁ እየፈታ ደረሰበት። ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ሥራ አልነበረም። በማግሥቱ የረሳው ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አስታወሰው። ያልታወቀው ቁጥር ላይ የደረስነው ብዙ ቆይተን ነው።

መምህሩን አልወቅስም። ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ፣ በተወሰነ ጊዜ ጨርስ የተባለውን መጽሐፍ እያሯሯጠ፣ የእያንዳንዱን ልጅ የተሳሳተ ሕግ ፈልቅቆ ሊያወጣ አይችልም። ሻል ያለ ኑሮ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ስሕተት ገና ከጅምሩ ይደረስበታል፤ እናት ወይም ታላቅ እኅት ታየዋለች፣ ካልሆነም በክፍያ የሚመጣ አስጠኚ ይኖራል። ድሃ ቤት ያለው ልጅ ግን ስሕተቱን ብቻውን ያሳድገዋል። ደብተር ብንሰጠው ያው 376 አዲስ ደብተር ላይ ይጻፋል። የዚያ ደብዳቤ ጸሐፊ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ይህንን ነው።

ንባብም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ መጽሐፏን ገጽ በገጽ ስታነብ ብትሰሟት ታደንቋታላችሁ። ከመጨረሻው መስመር ጀምረሽ አንብቢልኝ ስላት ግን ዝም አለች። ምዕራፉን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ ክፍል ውስጥ ጎበዞቹ ሲያነቡ እየሰማች ነው የያዘችው። ዓይኗ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ አፏ ይናገራል፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ምን ያህል ብልህ ብትሆን ነው እንዲህ አድርጋ አራተኛ ክፍል የደረሰችው! የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የአሥር ዓመት ልጆች 57 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ግምት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 70 በመቶ ከፍ ብሏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ውስጥ የተጀመረው ፕራትሃም የተባለው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸውና በክፍላቸው መመደቡን ትቶ አሁን በሚችሉት መጠን መደባቸው። ፊደል የሚለዩት አንድ ላይ፣ ቃል የሚያነቡት አንድ ላይ፣ አንቀጽ የሚያነቡትም እንዲሁ። ያስተማሩትም በአብዛኛው ከየሰፈሩ የመጡ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። አሠራሩ ውጤት እንዳለው ከመረመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ምሁራን ሁለቱ፣ አቢጂት ባነርጂ እና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። ይህ ማንኛውም አዳራሽና ጥቂት ወንበር ያለው ምእመን ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። እኛም አዲስ ልጅ ሲመጣ የክፍሉን የቤት ሥራ ከመክፈታችን በፊት የሚያነበውንና የሚደምረውን እናያለን። አንዳንድ ወላጆች «ሰባተኛ ክፍል ያለውን ልጅ ለምን የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ታስተምሩታላችሁ?» ብለው ይከፋቸዋል። ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ይህ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር እንደሆነ አድርገው ማቅረባቸውም ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተር ከተማ፣ ሮበርት ሬይክስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1780 ለድሆች ልጆች የሰንበት ትምህርት ቤት ከፈተ። በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ላይ የሚውሉ ልጆች ነፃ የሚሆኑት እሑድ ብቻ ስለነበር ማንበብ የተማሩት በዚያው ቀን ነው። ሬይክስ ደግሞ የጋዜጣ ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1783 ስለ ሥራው በራሱ ጋዜጣ ላይ ካወጣ በኋላ ነው ነገሩ በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው። ይህን ለእርስዎ ለአዘጋጁ የማነሣው ሆን ብዬ ነው፤ ጋዜጣ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያልና።

በጣሊያን ቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ ዶን ቦስኮ የተባለ የካቶሊክ ካህን የሥራ ልጆችን ሰበሰበ። ከገጠር መጥተው ግንበኛና ድንጋይ ጠራቢ ሥር የሚሠሩ፣ ቤተሰባቸው የራቀ ወጣቶች ነበሩ። የማታ ትምህርት ከፈተላቸው፤ ለአሠሪዎቻቸውም የሥራ ውል እያስፈረመ መብታቸውን አስጠበቀላቸው። ከሁሉ ይልቅ የምወድለት ግን መምህራኑ ከክፍል ወጥተው ልጆቹ በሚጫወቱበት ሜዳ አብረዋቸው እንዲሆኑ አጥብቆ ማሳሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም በጻፈው ደብዳቤ ወጣቶች መወደዳቸው ብቻ እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ሊያውቁት እንደሚገባ ለመምህራኑ አሳስቧል። እኔ ይህን በሥራ ላይ አይቼዋለሁ። ስንጥሮቹን ከማሠራችን በፊት ከዚያ ልጅ ጋር ኳስ ባልመታ ኖሮ ስለ ዜሮ አይጠይቀኝም ነበር። የማያምነው ሰው ፊት ማንም አላውቅም አይልም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምጨነቅበት ነገር ልግባ፤ እሱም መቆየት ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረችን። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ለወራት አስጠናቻት፤ ተዋደዱ። በጎ ፈቃደኛዋ ሥራ ቀየረችና መምጣት አቆመች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለመሰናበት አፍራ ነው የቀረችው። ልጅቷ ለጥቂት ሳምንታት በሩን እያየች ተቀመጠች፤ ከዚያ በሩን ማየት ተወች። ሌላ ሰው ስንመድብላት ጀርባዋን ሰጠች። በኋላ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መጽሐፍ ስገልጥ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጋሼ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፋት አልነበረም የጠየቀችው። ጉዳዩን ቀድማ አውቃ መዘጋጀት ፈልጋ ነው። ይህች ልጅ ከዚያ በፊት አባቷ ሄዷል፤ የምትወዳት አክስቷ ሄዳለች። እኛ ደግሞ በክርስቶስ ስም ጠርተናት ሦስተኛውን ጨመርንባት።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የተባለ ልጆችን ከአዋቂ በጎ ፈቃደኛ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 የሆኑ 959 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ግማሾቹ ሰው ተመደበላቸው፣ ሌሎቹ ተራ ጠበቁ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሰው የተመደበላቸው አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩባቸው ቀናትም በግማሽ ያህል ቀንሰው ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ብሎት ይጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ጂን ግሮስማን እና ጂን ሮድስ ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩት ሌላ ነገር አገኙ። ጥቅሙ የጎላው ግንኙነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በቆየላቸው ልጆች ላይ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ደግሞ ማንም ካልተመደበላቸው ልጆች ይልቅ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወረደ፤ ትምህርት እችላለሁ የሚለው እምነታቸውም እንዲሁ። ጀምሮ መተው ካለመጀመር ሊብስ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ለምእመናን «ኑና ልጆችን እርዱ» ብለው ሲያውጁ በጣም ይጠንቀቁ እላለሁ። በአንድ እሑድ ስብከት ልቡ ተነክቶ ስሙን የሚያስመዘግብ ብዙ ነው። አንድ የማውቀው ማኅበር በአንድ ጊዜ ብዙ በጎ ፈቃደኞች መዝግቦ፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ አዳራሹ ባዶ ቀርቷል። ፎቶዎቹ አሁንም ግድግዳ ላይ አሉ። እኛ ዘንድ አሁን የሚመዘገብ ሰው አስቀድሞ ልጅ ሳይመደብለት ለጥቂት ሳምንታት እየመጣ ዝም ብሎ ያያል፤ ወንበር ይደረድራል፣ እርሳስ ይቀርጻል። ከዚያ ሙሉ የትምህርት ዓመት ለመቆየት በጽሑፍ ቃል ይገባል። ኑሮ ነውና መሄድ ግድ ቢሆንበት እንኳ ልጁን ፊት ለፊት ተሰናብቶ፣ የሚተካውን ሰው በእጁ አስተዋውቆ እንዲሄድ ነው ስምምነታችን። በዚህ ምክንያት ቁጥራችን ጥቂት ነው። በጥቂት ሰው ጥቂት ልጅ ይዞ መቆየት ይሻላል ብዬ ከመሪዎቻችን ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም እከራከራለሁ።

ክርስቲያን ሆነን ሳለ ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲጠራ አስቀድሞ የፈለጋቸው ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን ሦስት ዓመት ሌሊትና ቀን እያንዳንዱን በእንባ ሲገሥጽ እንደቆየ ራሱ ይናገራል፤ ለተሰሎንቄ ሰዎችም ወንጌልን ብቻ ሳይሆን የገዛ ነፍሱን ሊያካፍላቸው እንደወደደ ጽፎላቸዋል። ጌታ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እናያለን። ያንን ክፍል ሳነብ መምህራኑን አስባቸዋለሁ። አንድ የገሊላ ልጅ ሲጠይቃቸው ዞር በል አላሉትም፤ ቦታ ሰጥተው አዳመጡት።

አሁን ጸሐፊው ወዳነሡት ፍርሃት ልመለስ። እርዳታ የሃይማኖት ማጥመጃ ይሆናል ያሉት በእውነት የሚደርስ ነገር ነው፤ የደረሰበትንም አውቃለሁ። ልጅን ለጸሎት ካልቆምክ አታጠናም ማለት ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በአጭሩ እንጸልያለን፤ የማይፈልግ ልጅ በዚያ ሰዓት ውጭ መጫወት ይችላል፤ ሲመለስ ወንበሩ ይጠብቀዋል። የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች አብረውን ያጠናሉ። ወላጆቻቸው ምን እንደምናደርግ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸዋል። ጌታ የፈወሳቸውን አሥር ለምጻሞች ተመልሳችሁ ካላመሰገናችሁ አልፈውሳችሁም አላላቸውም፤ የተመለሰውም አንዱ ብቻ ነበር። ለምን ትመጣለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ካለ ግን እምነቴን አልደብቅም። ክርስቶስ ስለወደደኝ ነው እለዋለሁ። ያንን ዋሽቼ ሌላ ምክንያት ብሰጠው እሱም ያውቅብኛል።

የእምነት ድርጅቶች በዚህ ሥራ ለውጥ ማምጣት መቻላቸውም በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የተባለው የክርስቲያን ድርጅት በየአገሩ ካሉ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር እየሠራ ልጆችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሰበስባል፤ ጥናትም፣ ጤናም፣ መንፈሳዊ ትምህርትም ይሰጣቸዋል። ብሩስ ዋይዲክ እና ባልደረቦቹ በስድስት አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በፕሮግራሙ ያደጉት ከሌሎቹ ይልቅ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ለሚጠጋ ጊዜ በትምህርት ገበታ ላይ ቆይተዋል። ጥናቱ የመዘነው ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ላይ ስለሆነ ከየትኛው ክፍል ምን ያህል ጥቅም እንደተገኘ ለይቶ አይነግረንም፤ ስለዚህ እኔም ጸሎቱ ነው ወይም ጥናቱ ነው ብዬ አልናገርም። የነዚያ ልጆች ኑሮ ግን ተለውጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብቀር እጠየቅበታለሁ። ክርስቲያን ነው፣ ይዘምራል፣ ቤተሰቡን እናውቃለን ተብሎ ብቻ ለማንም ልጅ በእጁ አይሰጥ። ልጅን መጉዳት የሚፈልግ ሰው ልጆች ወዳሉበትና ሰው በቀላሉ ወደሚታመንበት ቦታ ይሄዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ናት። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ። በአዳራሹ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኑር፤ በሩም ክፍት ይሁን። በጎ ፈቃደኛው ቀድሞ የነበረበት ቦታ ይጠየቅ። ከልጁ ጋር በስልክ የግል መልእክት መጻጻፍ፣ ወላጅ ሳያውቅ ስጦታ መስጠት፣ ቤት ይዞ መሄድ ይከልከል። ልጆቹም የማይመቻቸው ነገር ቢደርስባቸው ለማን እንደሚናገሩ በስም ይንገሯቸው። ይህን ደንብ ስናወጣ «ወንድሞችን መጠርጠር ነው» ብለው የተቃወሙን ነበሩ። ደንቡ የሚጠብቀው ልጁን ነው፤ ንጹሑንም በጎ ፈቃደኛ ከሐሜት ይጠብቀዋል። ይህን ማድረግ የማትችል አጥቢያ ፕሮግራሙን ባትጀምር እመርጣለሁ።

ስለ ገንዘብ ብዙ የምለው የለኝም። አዳራሹ በሥራ ቀን ባዶ ነው፤ መብራቱ አለ፤ እርሳስና ያገለገለ ወረቀት ይገኛል። የጎደለው ሰው ነው።

ወላጆችን በተመለከተ ግን ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። የልጆቹ እናቶች ወደ አዳራሹ ሲመጡ በር ላይ ይቆማሉ፤ ግቡ ሲባሉ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። እኛም ሳናስበው ልጁን ከእናቱ ነጥቀን የራሳችን ተማሪ እናደርገዋለን፤ ልጁም ማንበብ የማትችለውን እናቱን መናቅ ይጀምራል። ያች በቃሏ ታነብ የነበረችው ልጅ ማንበብ ስትጀምር በየምሽቱ አንድ ገጽ ለእናቷ እንድታነብላት ነገርናት። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማዳመጥ ግን ትችላለች፤ ታሪኩ ሳይገባት ሲቀርም ታስቆማትና ትጠይቃታለች። ልጅቷ ለመመለስ ስትል መስመሩን መልሳ ታነባለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከማደርገው ይልቅ ይህ ጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ። አሁን እናትየዋ በር ላይ አትቆምም።

የቤት ሥራ መሥራት ላይም ለአዳዲስ አስጠኚዎች አንድ ነገር ልንገር፤ እርሳሱን ከልጁ እጅ አትውሰዱ። ሰዓት ሲሄድ፣ ልጁም ሲደክም፣ መልሱን ነግሮ መገላገል ያጓጓል። በማግሥቱ ደብተሩ ትክክል ሆኖ መምህሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መምህሩም ልጁ የገባው ይመስለዋል። ያልተሠራ የቤት ሥራ ይዞ ሄዶ «እዚህ ድረስ ሞክሬ ይህ አልገባኝም» ብሎ እንዲጠይቅ ማለማመድ ይበልጣል። ከመምህራኑም ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል። እኛ ይህን ስንጀምር አንዳንዶቹ ሥራቸውን የምንነቅፍ መስሏቸው ነበር፤ የልጁን የ376 አሠራር በወረቀት ላይ ሳሳያቸው ግን የሒሳብ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ለክፍሉ በሙሉ ሰጡና ስንቱ እንደዚያ እንደሚሠራ አዩ።

ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስጠኑ። አባ ሎሬንዞ ሚላኒ የተባሉ ጣሊያናዊ ካህን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ባርቢያና በምትባል ተራራማ መንደር ትምህርት ቤት ከጣላቸው የገበሬ ልጆች ጋር ሲሠሩ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ነበር ትምህርቱ፤ ቀድሞ የገባው ልጅ ላልገባው ያስረዳል። ያ ዜሮ ምን አለውና ያበድራል ያለኝ ልጅ ዛሬ ለአራተኛ ክፍል ልጆች መቀነስ ያሳያል። ስንጥሮቹን የሚያሥራቸው ከኔ አጥብቆ ነው፤ ሲሳሳቱም «እንዴት እንዳሰብከው ንገረኝ» ይላቸዋል።

ለጸሐፊው ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በሚመቻቸው ቀን በአቅራቢያቸው ባለ እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብተው ከአንድ ልጅ ጋር ለአንድ ሰዓት እንዲቀመጡ እጠይቃቸዋለሁ። ለመጋቢዎች፣ ለካህናትና ለሽማግሌዎች የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ሰው ከመመዝገባችሁ በፊት ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ መሆኑን ጠይቁ፣ የልጆች ጥበቃ ደንባችሁን ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፣ ለሚቆዩት በጎ ፈቃደኞችም ራሳችሁ እየመጣችሁ አይዟችሁ በሏቸው የሚል ነው። ብዙዎቹ የሚተውት ብቻቸውን ሆነው ስለሚደክሙ ነው። ማስጠናት የማይችል ሰው ቢኖር ልጆቹን ወደ ቤት የሚሸኝ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ የአስጠኚን ሕፃን ልጅ ለሁለት ሰዓት የሚጠብቅላት ያስፈልገናል።

አዘጋጁ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የትምህርት ዓመቱ ሳይጀመር ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ አጥቢያዎች አስጠኚዎችን የሚመዘግቡት ያን ጊዜ ነውና። በትምህርት ገጻችሁም እንዲህ ያሉ አዳራሾችን እየዞራችሁ ብትዘግቡ፣ የልጆቹን ፊትና ስም ሳታወጡ አሠራራቸውን ብታሳዩ፣ ሊጀምሩ ያሰቡ ብዙዎች ይማሩበታል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ